የነቢዩ ዩኑስ ተልእኮ

ከባሕር ዳር ተነሥቶ በደንገል ታንኳ ጣናን የተሻገረ ሰው፣ ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሣና ማዕበሉ ከፍና ዝቅ ሲል ልቡ እንዴት እንደሚርድ ያውቀዋል። በውሃ ላይ ሹመትም ሀብትም አይረዳም። በዚሁ ሐይቅ ዳር ደንገል አጭደው ታንኳ በመሥራት የታወቁት ሙስሊሞቹ ነገደ ወይጦና በየዓመቱ ሦስት ቀን ጾመ ነነዌን የሚጾሙት ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው፣ ሁለቱም በባሕር መካከል የተጨነቀውን የአንድ ነቢይ ታሪክ ያከብራሉ። ክርስቲያኑ ዮናስ ሲለው፣ ሙስሊሙ ዩኑስ ይለዋል። ዛሬ የምንገልጸው በእስልምና እንደሚተረከው ነው።

ነቢዩ ዩኑስ የተላኩት ዛሬ ፍርስራሿ በኢራቅ አገር በሞሱል አጠገብ ወደሚገኘው ወደ ነነዌ ነበር። ሕዝቡን ወደ አንድ አምላክ ቢጠሩት አልሰማ አላቸው። ነቢዩም ተቈጥተው፣ የላካቸው ጌታ ሳይፈቅድላቸው አገሩን ለቀው ሄዱ። የመንግሥት ሥራ የያዘ ሰው ሁሉ የዚህን ነገር ክብደት ሳይነገረው ይረዳዋል። ከዚያም ጭነት በሞላው መርከብ ተሳፈሩ፤ ዕጣ ቢጣል በእርሳቸው ላይ ወጣ፤ ዓሣም ዋጣቸው።

ሊቃውንቱ ሲያብራሩ፣ በሌሊቱ ጨለማ፣ በባሕሩ ጨለማና በዓሣው ሆድ ጨለማ ውስጥ ነበሩ ይላሉ። በዚያም የፈጣሪን አንድነትና ቅድስና መስክረው፣ በደለኛው እኔ ነኝ ሲሉ ጸለዩ። ቁርኣን እንደሚያስተምረው፣ አምላካቸውን ከሚያወድሱት ወገን ባይሆኑ ኖሮ እስከ ትንሣኤ ቀን ድረስ በዚያው በቀሩ ነበር። ነገር ግን ታመው ሳሉ በባዶ ዳርቻ ተጣሉ፤ ጥላ የሚሆናቸውም የቅል ተክል በላያቸው በቀለ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን የሚከተለው ነው። ነቢዩ ተስፋ የቈረጡበት ሕዝብ፣ እርሳቸው ከሄዱ በኋላ ንስሐ ገብቶ ከቅጣት ድኖ ነበር። ቍጥሩም በቁርኣን እንደተነገረው 100,000 ወይም ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ የመልእክተኛው ትዕግሥት ቢያልቅም፣ የላኪው ምሕረት አላለቀም።

ነቢዩ ሙሐመድም በመካ ሕዝባቸው ባልሰማቸው ጊዜ፣ እንዲታገሡና እንደ ዓሣው ባለቤት እንዳይሆኑ በቁርኣን ተነግሯቸዋል። የሕይወታቸው ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፣ በ619 እ.ኤ.አ. ገደማ ወደ ጣኢፍ ሄደው የከተማው ሰዎች በድንጋይ አባረሯቸው። በአንድ የወይን ቦታ ተጠግተው ሳሉ አዳስ የሚባል ክርስቲያን አገልጋይ ወይን አቀረበላቸው። አገሩን ቢጠይቁት፣ የነነዌ ሰው መሆኑን ነገራቸው። እርሳቸውም ያች አገር የወንድማቸው የዩኑስ አገር መሆኗን ገለጡለት። ተባርረው በወጡበት ቀን፣ ያጽናናቸው ከዚያችው ከዳነችው ከተማ የመጣ ሰው ሆነ።

አንባቢ ሆይ፤ በሐይቁ ዳር የተመደበ መምህር ወይም የጤና ረዳት፣ ሕዝቡ አልሰማኝም ብሎ የዝውውር ማመልከቻ ሊጽፍ ብዕሩን ባነሣ ጊዜ፣ ነነዌን ያስባት። ዘሩ የሚበቅለው ዘሪው ጀርባውን ባዞረበት ሰዓት ሊሆን ይችላልና።