አርፍዶ የሚመጣው ምት

ፐልሳር ማለት ከፀሐይ የሚበልጥ ክብደት በአንድ ከተማ ስፋት አጭቆ የሚሽከረከር የሞተ ኮከብ ቅሪት ነው። የራዲዮ ጨረሩ በዞረ ቁጥር ወደኛ ሲመለስ አንድ ምት ይደርሰናል። ይህን ማንኛውም መጽሐፍ ይነግራችኋል።

እኔን የሚያናድደኝ፣ ስለ ፐልሳር አደን ባወራሁ ቁጥር ሰው ሁሉ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ደፍቶ ሌሊቱን የሚጠባበቅ ተመራማሪ በዓይኑ መሣሉ ነው። ጆሴሊን ቤል እንኳ በ1967 እ.ኤ.አ. ካምብሪጅ አጠገብ የመጀመሪያውን ፐልሳር ያገኘችው በየቀኑ 30 ሜትር ገደማ የሚረዝም ወረቀት ላይ የብዕር መስመር ስትመረምር ነው። በ1974 ኖቤሉን የወሰዱት ግን አማካሪዋ አንቶኒ ሂዊሽና ማርቲን ራይል ናቸው፤ ይህን ሳልናገር አላልፍም።

ዛሬ ከምቱ እኩል የሚፈለገው መዘግየቱ ነው። በከዋክብት መካከል የተበተኑ ኤሌክትሮኖች ዝቅተኛ ድግግሞሽ ያለውን ሞገድ ይበልጥ ያዘገዩታል፤ ድግግሞሹ በግማሽ ሲቀንስ መዘግየቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ከኮከቡ ባንድ ቅጽበት የተነሣ ምት እኛ ዘንድ የሚደርሰው ተዘርግቶ ነው፤ ከፍተኛው ቀድሞ፣ ዝቅተኛው ተከትሎ። መንገዱ ላይ ስንት ኤሌክትሮን እንዳለ አስቀድሞ ስለማይታወቅ ኮምፒዩተሩ በርካታ የመዘግየት መጠኖችን ይሞክራል። በያንዳንዱ ግምት ሞገዶቹን መልሶ ያሰልፍና የሚደጋገም ነገር ይፈልጋል። ግምቱ ሲሳሳት ምቱ ይደበዝዛል፤ ልኩ ሲገኝ ጎልቶ ይወጣል። በምድር ላይ የሚፈጠር የራዲዮ ረብሻ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለ መዘግየት የለውም። ከሩቅ የመጣውን ከጎረቤት የምንለይበት ዋናው ምስክር ይኸው ነው።

ምስክርም አንዳንዴ ይዋሻል። በአውስትራሊያው የፓርክስ ቴሌስኮፕ ከሰማይ የመጣ የሚመስል፣ መዘግየት ያለው ምልክት ለዓመታት ሲታይ ቆይቶ በ2015 ምንጩ ታወቀ፤ ማይክሮዌቭ ምድጃ! ሥራውን ሳይጨርስ በሩ ሲከፈት የሚያመልጥ ሞገድ ነበር። እባካችሁ፣ ቴሌስኮፕ አጠገብ ምግብ የምታሞቁ፣ ደወሉ እስኪጮኽ ታገሡ።

የምድር ነገር መሆኑን ቀድሞም ያስጠረጠረው ምልክቱ የሰማይን የተለያዩ ቦታዎች በሚያዩት የቴሌስኮፑ ተቀባይ 13 ጨረሮች ሁሉ ባንድ ጊዜ መታየቱ ነው። ያው ተቀባይ ከ1997 ጀምሮ ከ800 በላይ ፐልሳሮች አስገኝቷል። የሩቅ ፐልሳር አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ባንዱ ጨረር ብቻ ነው። መዘግየቱም አቅጣጫውም ቢያምር እንኳ ማንም ቸኩሎ አይጨፍርም፤ ቴሌስኮፑ ሌላ ቀን ወደዚያው ቦታ ዞሮ፣ ያው ምት በዚያው መዘግየት ሲገኝ ብቻ አዲሱ ፐልሳር መዝገብ ላይ ይሰፍራል።