የበጋውን መኖ የሚደግፈው የዛፍ ቅጠል፦ ጥቅሙና ጥንቃቄው

በሐረርና አካባቢዋ በጋው ሲገፋ ሣሩ ይደርቃል፤ ከብቱም በአብዛኛው የሚመገበው የማሽላና የበቆሎ አገዳ ይሆናል። አገዳ ሆድ ይሞላል እንጂ ሥጋና ወተት አይሆንም። ላሟ ወተቷ ይቀንሳል፤ ለገበያ የታሰበው የሐረር ሰንጋም ከስቶ ዋጋው ይወርዳል። ይህን ጉድለት ከሚሞሉ መኖዎች አንዱ በማሳው ዳርና በጓሮው የሚበቅለው የዛፍ ቅጠል ነው።

የሚያመሰኩ እንስሳት አገዳን የሚፈጩት በትልቁ ጨጓራቸው በሚኖሩ ጥቃቅን ተሕዋስያን አማካይነት ነው። ተሕዋስያኑ ሥራቸውን እንዲያከናውኑ ከመኖው ደረቅ ክብደት ቢያንስ 7 ከመቶ ያህሉ ፕሮቲን መሆን አለበት። የማሽላ አገዳ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ በታች ነው፤ የሰስባንያና የሉኪንያ ቅጠል ግን 20 ከመቶና ከዚያ በላይ ይይዛል። ስለዚህ ከአገዳ ጋር የሚሰጥ ጥቂት ቅጠል ራሱ ከሚሰጠው ምግብ ሌላ አገዳውም በተሻለ ሁኔታ እንዲፈጭ ይረዳል።

በሐረርጌ ማሳዎች መካከል የሚታየውና በኦሮምኛ ገርቢ የሚባለው የግራር ዝርያ ደግሞ በክረምት ቅጠሉን አራግፎ በበጋ ይለመልማል። በክረምት ሰብሉን ብዙም ሳያጠላ፣ መኖ በሚጠፋበት ወቅት ቅጠሉና ፍሬው ለእንስሳቱ ይደርሳል።

ሆኖም ቅጠል ሁሉ በገፍ አይሰጥም። ሉኪንያ ሚሞሲን የተባለ መርዛማ ንጥረ ነገር ስላለው ሲበዛ የፀጉር መርገፍና የምግብ ፍላጎት መቀነስ ያስከትላል፤ ከዕለቱ መኖ ደረቅ ክብደት ከ30 ከመቶ እንዳያልፍ ይመከራል። 30 ኪሎ ግራም ለምትመዝንና በቀን 1 ኪሎ ግራም ያህል ደረቅ መኖ ለምትበላ ፍየል ይህ ከ300 ግራም ደረቅ ቅጠል አይበልጥም። ቅጠሉን ለማቆየት በጥላ ሥር ማድረቅ ይበጃል፤ የፀሐይ ሐሩር ቫይታሚኑን ያባክናል።

በከተማው ፍየሎች የሚቃርሙት ገራባ፣ ማለትም የጫት ትራፊም፣ መኖ ሆኖ ያገለግላል። ነገር ግን ፀረ ተባይ የተረጨበትን መስጠት እንስሳውንም ወተቱንና ሥጋውን የሚመገበውንም ሰው ለጉዳት ያጋልጣል። ከገራባው ጋር የሚጣል ፌስታል ደግሞ በጨጓራ ውስጥ ተከማችቶ እንስሳውን ሊገድል ይችላል። ነዋሪዎች ገራባውን ከፌስታሉ ለይተው ቢያስቀምጡ ይህን አደጋ ያስቀራሉ።

ለመጪው በጋ የሚሆነው ቅጠል የሚዘጋጀው ከክረምቱ ነው፤ ዝናብ ሲገባ በአጥር ዳር ሰስባንያ መትከል ይቻላል። ሙሉ በሙሉ ከተመለመለ ሊደርቅ ስለሚችል ግን በየቆረጣው ጥቂት ቅጠላማ ቅርንጫፎችን መተው ያስፈልጋል።