ዐይን የማይጠይቅ ጨዋታ

በወልድያም ሆነ በመርሳ፣ ልጆቻችሁ አመሻሽ ላይ አንድ ሞባይል ከብበው ሲጫወቱ ማየት የተሳነው ልጃችሁ የት ነው የሚቀመጠው? አብዛኛውን ጊዜ ጥግ ይዞ የሌሎቹን ሳቅ ያዳምጣል።

በ2015 እ.ኤ.አ. ዶዊኖ የተባለ የፈረንሳይ ድርጅት «አ ብላይንድ ሌጀንድ» የተሰኘ የሞባይል ጨዋታ አወጣ። ሥዕል የለውም፤ ሁሉም ነገር በድምፅ ነው። ባለታሪኩ ኤድዋርድ ብሌክ ዐይነ ስውር ተዋጊ ሲሆን፣ በድምፅዋ የምትመራው ትንሽ ልጁ ሉዊዝ ናት። ከቀኝ የሚመጣ ድምፅ ለቀኝ ጆሮ ቀድሞና ጎልቶ ይሰማል፤ ተጫዋቹ ጠላት በየት በኩል እንደመጣ የሚለየው በዚህ ነው። ስለዚህ የጆሮ ማዳመጫውን አንድ አንድ ጆሮ አትካፈሉ፤ አቅጣጫው ይጠፋል።

ችግሩ ቋንቋው ነው። ጨዋታው ሲወጣ የሚናገረው ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ ነበር። ሀብሩ ገጠር ላለ ልጅ ተርጓሚ ያስፈልጋል፤ ይህ ሥራ የአባት ይሁን ባይ ነኝ (እናት በቂ ሸክም አለባት)። አስቀድሞ ለብቻው ተጫውቶ ታሪኩን ያጥና።

ስልክ ከሌለስ? «እንቆቅልህ» በሉት። ካላወቃችሁ አገር ስጡት፤ ወልድያን ብትሰጡት ግን መርሳንም ሳይጨምር አይቀበላችሁም።