የሃምሳ አለቃ ካርኒ ለእኛ ልጆች ምናቸው ነው?

አሜሪካ ተወልዳችሁ ያደጋችሁ የኢትዮጵያውያን ልጆች ቅርስ ሲባል አክሱምና ዓድዋ ይመጡላችኋል፤ ደግም ነው። እኔ ግን የሃምሳ አለቃ ዊሊያም ካርኒም ከቅርሳችሁ ይቆጠር ባይ ነኝ። ካርኒ በ1840 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ኖርፎክ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ በባርነት ተወለደ። በ1863፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ወቅት፣ ከጥቁሮች በተመለመለው 54ኛው የማሳቹሴትስ ሬጅመንት ገባ። በዚያው ዓመት ጁላይ 18 ቀን ሬጅመንቱ ቻርልስተን አጠገብ ያለውን የዋግነር ምሽግ ሲያጠቃ ባንዲራ ያዡ ተመትቶ ወደቀ። ካርኒ ባንዲራውን አንሥቶ ምሽጉ አናት ላይ ተከለው፤ ጥቃቱ ከሽፎ ጦሩ ሲያፈገፍግም ክፉኛ ቆስሎ ሳለ ይዞት ተመለሰ። ከሬጅመንቱ 600 ያህል አጥቂዎች ግማሽ የሚጠጉት ሞቱ፣ ቆሰሉ ወይም የገቡበት ጠፋ፤ አዛዡ ኮሎኔል ሾውም እዚያው ወደቀ።

ሜዳል ኦፍ ኦነር የተባለው ኒሻን ለካርኒ የደረሰው በ1900 ነው፤ ከ37 ዓመት በኋላ። ብዙ ሰው ይህን መዘግየት የዘረኝነት ማስረጃ አድርጎ ይጠቅሰዋል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል፤ ከዚያ ጦርነት ነጭ ዘማቾችም ብዙዎቹ ኒሻናቸውን ያገኙት ፀጉራቸው ከሸበተ በኋላ ነው፤ በ1865 የተሸለሙ ጥቁሮችም ነበሩ። መድልዎውን ማየት የፈለገ ደመወዙን ይይ። ነጭ ተራ ወታደር በወር 13 ዶላር ሲያገኝ ለጥቁሩ 10 ዶላር ተመድቦ 3ቱ ለልብስ ይቆረጥ ነበር። የካርኒ ሬጅመንት ጎዶሎውን አልቀበልም አለ። የማሳቹሴትስ ግዛት ልዩነቱን ከራሱ ካዝና ልሙላ ቢልም እምቢ አሉ፤ ጥያቄያቸው የገንዘብ ሳይሆን የእኩልነት ነበራ! ኮንግረስ ክፍያውን ያስተካከለው በ1864 ነው። ለእኔ ከባንዲራው ይልቅ ይህ እምቢታ ይበልጣል።

“ይህ የአፍሪካ አሜሪካውያን ታሪክ ነው፤ የእኛ ወላጆች የመጡት ትናንት ነው” የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ የሰውን መከራ የራስ አድርጎ መኩራራት ነውር ነው። ባለውለታን ማወቅ ግን ግዴታ ነው። በ1857 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጥቁር ዜጋ ሊሆን አይችልም ብሎ ፈርዶ ነበር። ያን ፍርድ የሻረው፣ በአሜሪካ ምድር የሚወለድን ዜጋ ያደረገው 14ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በ1868 ጸደቀ። ለዚህ የወታደሮቹ ደም ብቸኛው ምክንያት አልነበረም፤ ነገር ግን 180 ሺህ ያህል ጥቁር ወታደር ከዘመተ በኋላ ዜግነት መንፈግ ከባድ ሆነ። ወላጆቻችሁ ገና ግሪን ካርድ ሳይዙ ተወልዳችሁ ፓስፖርት ያገኛችሁት በዚሁ ሕግ ነው። የነዚያ ወታደሮች መታሰቢያ ዋሽንግተን ዩ ስትሪት፣ ከሐበሻ ምግብ ቤቶች አቅራቢያ ቆሟል፤ ምሳ ልትበሉ ስትሄዱ ግድግዳው ላይ ከተቀረጹት ስሞች ጥቂቱን አንብቡ።