እሳት የዘለላቸው ዛፎች

እ.ኤ.አ. በ1988 አጋማሽ በአሜሪካው የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ሲነድ የከረመውን ሰደድ እሳት ሰው አላቆመውም። ‹ጥቁሩ ቅዳሜ› በሚባለው ኦገስት 20 ብቻ፣ ነፋስ የነዳው እሳት በፓርኩና በዙሪያው ከ60,000 ሄክታር በላይ አዳረሰ። 25,000 ያህል ሰዎች ተረባረቡ፤ 120 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጣ። በመጨረሻ ያበረደው ሴፕቴምበር 11 የጣለው ዝናብና በረዶ ነው። በዜናው የሚታየው ነበልባል ብቻ ስለነበር ብዙ ሰው ‹ፓርኩ አበቃለት› አለ።

ጭሱ ሲገፈፍ የሥነ ምህዳር ተመራማሪዋ ሞኒካ ተርነር አካባቢውን ከሄሊኮፕተር ቃኙት። ከላይ ሲታይ ምድሩ ድሪቶ ይመስላል፦ ጥቁሩ እስከ ጫፉ ነዶ የከሰለ፣ ቡናማው ወላፈን ብቻ የጠበሰው፣ አረንጓዴው ደግሞ እሳት ጭራሽ ያልነካው። አረንጓዴዎቹ፣ ነፋስ አቅጣጫ ሲቀይር፣ ሌሊት አየሩ ሲቀዘቅዝ፣ ርጥብ ሸለቆ ወይም ዓለታማ ቦታ ሲያጋጥመው እሳቱ ዘሏቸው ያለፋቸው ናቸው።

ተርነርና ባልደረቦቻቸው ከዚያ በኋላ ያነሱት ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ከከሰለው ቦታ ተነስቶ በሕይወት ያለ ዛፍ ለመድረስ ስንት ሜትር ይኬዳል? ሲለካ፣ ክፉኛ የተቃጠለው መሬት አብዛኛው ካልተቃጠለ ወይም በትንሹ ከተቃጠለ ደን ከ50 እስከ 200 ሜትር ቢርቅ ነው። ነፋስ ዘር ሊያደርስበት የሚችል ርቀት ማለት ነው።

እርግጥ የአካባቢው ዋና ዛፍ ሎጅፖል ፓይን የራሱ መላ አለው። ብዙዎቹ ዛፎች ዘራቸውን በሙጫ በታሸገ ፍሬ ውስጥ ለዓመታት ይይዛሉ። እሳት ሙጫውን ሲያቀልጠው የፍሬው ቅርፊት ይከፈትና ዘሩ አመዱ ላይ ይረግፋል። በማግስቱ ዓመት ከጥቁሩ አፈር ቡቃያ መውጣት ጀመረ፤ ከ11 ዓመት በኋላ ሲቆጠር አንዳንዱ ሄክታር ላይ ከ500,000 በላይ ችግኝ ተገኘ፤ አንዳንዱ ላይ ግን አንድም አልነበረም። ስፕሩስና ፈር የተባሉት ዛፎች እንዲህ ያለ የታሸገ ጎተራ የላቸውም። ተመልሰው የሚበቅሉት እሳቱ ከዘለላቸው ዘመዶቻቸው በሚመጣ ዘር ነው። በዚያ አካባቢ ከሥር እንጂ ከዘር ብዙም አይበቅልም ይባል የነበረው አስፐን እንኳ፣ ነፋስ ይዞት በመጣ ዘር ከእናት ዛፎቹ ብዙ ርቆ በቅሎ ተገኘና ተመራማሪዎቹን አስገረመ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ደስ የሚል ታሪክ ነበር። በዚያ አገር እንዲህ ያለ ታላቅ እሳት የሚመለሰው ከ100 እስከ 300 ዓመት ቆይቶ ነበር። በ2016 ግን ከ1988ቱ አመድ የበቀለውን የ28 ዓመት ወጣት ደን ዳግም እሳት በላው። ወጣቶቹ ዛፎች በቂ ፍሬ ገና አላከማቹም ነበርና፣ ከዚህኛው እሳት በኋላ የበቀለው ችግኝ ከፊተኛው ስድስት እጥፍ ያነሰ ሆነ። የታሸገው ፍሬ ሲከዳ የሚቀረው ተስፋ በአቅራቢያው የተረፈ ዛፍ ነው።

ለዚህም ነው ዛሬ ተመራማሪዎች በሳተላይት ምስል ያልተቃጠሉ ቦታዎችን እየለዩ ካርታ የሚሠሩት። በእሳት መከላከል ሥራ ግን በቃጠሎው መሐል የተረፈን አረንጓዴ ቦታ ኋላ ተነስቶ እንዳያስቸግር ብሎ ሆን ብሎ ማቃጠል የቆየ ልማድ ነው። ሰውና ቤት አደጋ ላይ ካልሆነ በቀር ይህ ልማድ መቆም አለበት።