ከሳቢያን የመጣ እንግዳ

ሰው ተወልዶ ያደገበትን ከተማ የሚያውቀው አብዛኛውን ጊዜ በጉዳዩ መጠን ነው፤ ወደ ሥራው የሚወስደውን ጎዳና፣ እህል የሚያስፈጭበትን ወፍጮ፣ ዕድሩ የሚሰበሰብበትን ደጅ ያውቃል እንጂ፣ ጎዳናው ስለ ምን በዚያ በኩል እንደ ተቀየሰ አይጠይቅም። እኔም ባለፈው ጥር፣ የቆላው ሐሩር ጥቂት ጋብ በሚልበት ወራት፣ ጉዳዬን ሁሉ ለአንድ ቀን አቁሜ በገዛ ከተማዬ በድሬዳዋ እንግዳ ለመሆን ቆረጥሁ።

በነግህ የጀመርሁት ከከዚራ ሰፈር ነው። ጥላቸውን በጣሉት የኒም ዛፎች ሥር፣ በክር የተለካ በሚመስለው ቀጥ ያለ ጎዳና ስሄድ፣ ይህ ሥርዓት ከየት መጣ ብዬ የጠየቅሁት በዚያን ዕለት ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዛዊው ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ መሠረት ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ወደ ሐረር ይወጣል ተብሎ ታስቦ ሳለ፣ በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ በደረሰ ጊዜ ዳገቱ የጸና፣ ወጪውም የከበደ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ መሐንዲሶቹ ጥንታዊቱን ከተማ በከፍታዋ ላይ ትተው ከሜዳው ሌላ ከተማ ቆረቆሩ፤ አስቀድሞም አዲስ ሐረር ተብላ ተጠራች። እንግዲህ ድሬዳዋ የዚያ ዳገት ልጅ ናት።

ከባቡሩ ጥገና ቤት ስገባ፣ ሰማያዊ የሥራ ልብስ የለበሱ አንድ ሽማግሌ የአሮጌ መኪና እጀታ በጨርቅ ይወለውሉ ነበር።

«ከየት ነው የመጣኸው?» አሉኝ፤ ድሬ አንቱታን አታበዛምና።

«ከሳቢያን» አልሁ፤ ሳቢያን የዚያው የድሬዳዋ ሰፈር ነው።

«ከሳቢያን! እኔ ደግሞ ከአዲስ አበባ የመጣህ መስሎኝ ነበር» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ።

ከዚያም ወደ ሐዲዱ ወስደው፣ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ብቻ መሆኑን በእርምጃቸው ለክተው አሳዩኝ፤ የሥራው ቋንቋ ፈረንሳይኛ እንደ ነበረ፣ ቡለን የሚያጠብቀውም ሠራተኛ በዚያው ቋንቋ ይታዘዝ እንደ ነበር ነገሩኝ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ግን ከከተማው ውጭ ባለው በአዲሱ ጣቢያው ያልፋል።

በቀትር ከዚራን ከመጋላ ሰፈር የሚለየውን ደቻቱን ተሻገርሁ። ወንዝ ይባላል እንጂ በበጋ ውኃ የለውም፤ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት፣ እግር የሚቀብር ነጭ አሸዋ ነው። ምሥጢሩ ያለው ከላይ ነው፤ በከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ በሐረርጌ ደጋ የጣለው ዝናም በቁልቁለቱ ተሰብስቦ በድንገት ይደርሳል። በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ መጨረሻ የወረደው የሌሊት ጎርፍ ከ200 የሚበልጡ ነፍሳትን ወሰደ። ዕድሜዬን ሙሉ በአቋራጭነት የረገጥሁትን አሸዋ ያን ቀን ቆሜ አየሁት፤ መቃብር እንደሚረግጥ ሰውም እርምጃዬን አቀለልሁ።

ከቀፊራ ገበያ ሦስት ሳምቡሳና አንድ ብርጭቆ ሻይ ቀምሼ፣ አማርኛው፣ ኦሮምኛው፣ ሶማልኛውና አደርኛው በአንድ ሸመታ ሲቀላቀሉ ሰምቼ፣ ፀሐይ ስትዘቀዝቅ ከመሪ ጋር በስተ ደቡብ ወዳለው ኮረብታ ወጣሁ። በዚያ ፈረንሳዮች በጃርት ስም ፖርክ ኤፒክ ያሉት ዋሻ አለ፤ በ1921 ዓ.ም. ገደማ ለሊቃውንት ያስተዋወቁትም ጸሐፊው አንሪ ደ ሞንፍሬድና ካህኑ ቴያር ደ ሻርደን ናቸው። በውስጡ ከድንጋይ መሣሪያ ጋር፣ የዛሬ 40,000 ዓመት ገደማ ሰዎች ለቀለም ይፈጩት የነበረ 40 ኪሎ ግራም ያህል ቀይ ማዕድን ተገኝቷል። የከተማችንን ዕድሜ በባቡር ፉጨት ስንቆጥር የኖርን ሰዎች፣ ከደጃችን ላይ ይህን የሚያህል ጥንታዊ ጎረቤት እንዳለን ማን በነገረን!

በከተማው እየኖርህ ይህን የምታነብ ወንድሜ፣ የምታነቢም እኅቴ፣ ለዚህ ጉብኝት ስንቅ አያሻም፤ ከየዕለቱ ነገር ፊት ቆሞ «ስለ ምን?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ከመሐል ከተማ እስከ ዋሻው ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ እኔ ለመድረስ ዕድሜዬን ፈጀሁ።