ከመስታወት ጀርባ የተሳለ አንበሳ

ሴኔጋላውያን «ሱዌር» የሚሉት ሥዕል አላቸው፤ ቃሉ ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን «ከመስታወት ሥር» ማለት ነው። ሸኽ አህመዱ ባምባ ከአንበሳ ጋር፣ እንዲሁም ወፎችና የቤት እንስሳት ይሳሉበታል። ነፍስ ያለውን ስለመሳል ዑለማዎች የሚሉት ራሱን የቻለ ርዕስ ነው፤ እዚህ የምናየው ታሪኩንና አያያዙን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1908 የፈረንሳይ ምዕራብ አፍሪካ ገዥ የሆነው ዊሊያም ፖንቲ ከውጭ የሚገቡ እስላማዊ የኅትመት ሥዕሎችን አገደ። የአገሬው ባለሙያዎች ግን ሥዕሎቹን በመስታወት ላይ መሳላቸውን ቀጠሉ፤ ጥበቡም ይበልጥ ተስፋፋ።

አሠራሩ ከተለመደው የተገላቢጦሽ ነው። በወረቀት ላይ መጨረሻ የሚሳለው ዓይን፣ እዚህ መጀመሪያ ይሳላል፤ ሰማዩና ሣሩ ኋላ ይደረባሉ። ጽሑፍም ተገልብጦ ይጻፋል። ስለዚህ የሥዕሉ ገላ የመስታወቱ ጀርባ ነው።

የቆየ ሱዌር ለመግዛት ካሰባችሁ ወደ ብርሃን አዘንብላችሁ ተመልከቱት፤ የደበዘዘ ነጠብጣብ ካለ ቀለሙ ከመስታወቱ እየለቀቀ ሊሆን ይችላል። ከገዛችሁ በኋላ፦

• ፊቱን ብቻ በጥቂቱ በረጠበ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጉ። ውሃ በቀጥታ አትርጩበት፤ በጠርዙ ሾልኮ ጀርባውን ያገኘዋል።
• ጀርባውን በምንም አትጥረጉ።
• ከፀሐይ፣ ከምድጃ እንፋሎትና ከእርጥብ ግድግዳ አርቁት።
• የተላጠውን ራሳችሁ አትቀቡ፣ በማስቲሽም አታጣብቁ።

መስታወቱ ከተሰበረ ሥዕሉም አብሮ ተሰብሯል። ያኔም ቢሆን ስብርባሪውን አትጣሉ፤ አንድ ላይ ከተቀመጠ ባለሙያ ሊገጣጥመው ይችላል።